እስስት በመኝታ ቤት

እስስት በዚህ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ሁለት ዐይነት ባላጋራ አላት። አንደኛው መርዝ አላት፣ ገደ ቢስ ናት ብሎ ከአጥር ላይ አውርዶ በድንጋይ የሚወግራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቆንጆ ናት፣ ጉድ ናት ብሎ በፍቅር ከቅርንጫፏ ነቅሎ በካርቶን የሚያኖራት ነው። የመጀመሪያው የቆየ ባላጋራ ስለ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ከእኛው ከተማሪዎች መካከል የተነሣ፣ ትምህርት ቀመስና ልበ ደግ ስለ ሆነ፣ ባላጋራ መሆኑን ራሱም አላወቀም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ይበልጡን ለእርሱ ነው።

እንደሚታወቀው ዘንድሮ በአንዳንድ የመኝታ ክፍሎች እስስት ማኖር ፈሊጥ ሆኗል። በአንዱ ክፍል በአልጋ ብረት ላይ በክር ትታሰራለች፤ በሌላው በብስኩት ካርቶን ውስጥ ትዘጋለች። ቀይ ጨርቅና ሰማያዊ ጨርቅ እየተነጠፈላት «እስቲ ተለወጪ!» ትባላለች፤ እንቢ ስትል ትቆነጠጣለች። በስልክ ፎቶግራፍ ትነሣለች። በሁለተኛው ሳምንት ዐይኗ ይሰረጉዳል፤ በሦስተኛው ሞታ ትገኝና ቦታዋን ለሌላ እስስት ትለቅቃለች። ከዚህም አልፎ፣ እስስት የሚያኖር ክበብ እንዲቋቋምና ለሣጥን መግዣ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲመደብ የሚጠይቅ ሐሳብ ቀርቦ የአባላትን ድምፅ እየተጠባበቀ ነው። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ክፍል ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የሁላችን ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት ምን እንደምናደርግ ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሀቱ ጥቂት እንበል። እስስት መርዝ የላትም። ብትነክስም የሰውን ጤና የሚያውክ ነገር አታስተላልፍም። ይሁን እንጂ ፍርሀቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች በጥንት ተረታቸው፣ ፈጣሪ ሰው እንዳይሞት የሚል መልእክት በእስስት ላከ፤ እርሷ በመንገድ ስታዘግም ሌላ የሞት መልእክት የያዘው እንሽላሊት ቀድሟት ደረሰ ይላሉ። ስለዚህ ሞት የመጣብን በእስስት ዝግታ ነው ተብሎ ትጠላለች። ጥንታዊው የሮማ ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ እስስት ሳትበላና ሳትጠጣ በአየር ብቻ ትኖራለች ብሎ ጽፎ ነበር። በክር አስሮ የሚያኖራት ወንድማችን የዚህ የፕሊኒ ደቀ መዝሙር ሳይሆን አይቀርም።

ሃይማኖትን የሚጠቅስም አለ። እውነት ነው፤ እስስት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተንቀሳቃሾች ተራ ተቆጥራለች። ነገር ግን ሕጉ አትብሉ አለ እንጂ ውገሩ አላለም። እንዲያውም ርኩሰቱን የሚያያይዘው በድኗን ከመንካት ጋር ነው። እንግዲህ በሕይወት በአጥሩ ላይ የተወት ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲያልፍ፣ ገድሎ በዱላ የሚያንከባልላት ሰው በራሱ ላይ ጣጣ አመጣ ማለት ነው። ይህን ለድንጋይ ወርዋሪው በትሕትና እናስታውሰዋለን።

አሁን ወደ ወዳጇ እንመለስ። እስስትን በወጉ ለማኖር ምን ያስፈልጋል? በውጭ አገር በዚህ ነገር የተካኑ ሰዎች ብዙ እስስት እየሞተባቸው የተማሩት ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ ውኃ። እስስት በሳሕን የተቀመጠ ውኃን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ጠልና ዝናብ ነው። ስለዚህ በዝግ ቦታ የሚያኖራት ሰው በቀን ደጋግሞ ቅጠሉን በውኃ ማርጠብ፣ ወይም ጠብ ጠብ የሚል ዕቃ በላይዋ መስቀል አለበት። የውኃ ሳሕን አጠገቧ ሞልቶ በጥም የሞተች እስስት ብዙ ናት። የዐይኗ መሰርጎድ የዚህ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ። እንደ ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሁሉ የገላዋን ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሲያቃጥላት ወደ ጥላ ትገባለች። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረርም በቆዳዋ ቪታሚን ዲ እንድትሠራ ይረዳታል። ያ ካልሆነ የበላችው ካልሲየም ለአጥንቷ አይደርስም፤ እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። በመስኮት መስተዋት የሚገባው ብርሃን ይህን ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀር፣ «በመስኮት ዳር አስቀምጫታለሁ» ማለት መልስ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ አየርና ዛፍ። ካርቶንና የመስተዋት ሣጥን አየር ያፍናሉ። የሚስማማት ዙሪያው በወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ ወደ ላይ የረዘመ፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ተክል የተተከለበት ቤት ነው። የእግሯ ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው ተከፍለው እንደ ጉጠት የተሠሩት ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ነው፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ስትሄድ ያየ ሰው የተፈጠረችበትን ነገር መነጠቋን ሊረዳ ይችላል።

አራተኛ፣ ብቸኝነት። እስስት በባሕርይዋ ብቸኛ ናት። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማኖር፣ ይልቁንም ሁለት ወንዶችን፣ የማያባራ ጠብ ነው። ባይናከሱ እንኳ መተያየታቸው ብቻ ያስጨንቃቸዋል፤ መብላት ይተዋሉ። ሰው ሲያነሣትና ሲዳስሳትም እንደ ድመት ደስ አይላትም። ከእጅ ላይ ጸጥ ብላ መቀመጧን እኛ ፍቅር ብለን ብንተረጉመውም እርሷ ማምለጫ አጥታ ነው።

አምስተኛ፣ ምግብ። ከገላዋ በሚረዝም ምላሷ በሰከንድ ቁራሽ የምትይዘው ፌንጣ፣ ዝንብ፣ የእሳት ራትና ሌላም በሕይወት ያለ ነፍሳት ነው፤ እንጀራና ዳቦ አይሆናትም። አንድ ዐይነት ብቻ ሲሰጣትም ይሰለቻታል፤ ጤናዋም ይታወካል። በመጨረሻም ሴቲቱ እንቁላል ጣይ ከሆነች የምትቆፍረው እርጥብ አፈር ሊኖራት ይገባል፤ ያን ስታጣ እንቁላሉ በሆዷ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። በአገራችን ደጋ የታወቀችው፣ ሊቃውንቱ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የሚሏት ትንሽዋ እስስት ግን ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች።

እንግዲህ በለንደን ወይም በበርሊን የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ለማሟላት የሽቦ ቤት፣ የሙቀት አምፖል፣ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ፣ የካልሲየም ዱቄትና በሣጥን የሚሸጥ ፌንጣ ይገዛል። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ምንን ለመምሰል ነው? የቴፒን ጠዋት ለመምሰል ነው። ጠሉን፣ ፀሐዩን፣ ከቡናው በላይ ያለውን የዋንዛና የብርብራ ጥላ፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ አንድ በአንድ ከሱቅ እየገዛ ለማምጣት ነው። እኛ ይህ ሁሉ ከደጃችን በነጻ አለን። ሆኖም እስስቲቱን ከዚያ ሰማይ ሥር አንሥተን መብራቱ በየጊዜው በሚጠፋ፣ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ እናስገባታለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ሁለቱንም ሳንሸሽ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሰው የማያውቀውን አይወድም። እስስትን በእጁ ይዞ ያየ ተማሪ ዳግመኛ ድንጋይ አይወረውርም። ክበቡ ፍርሀትን ያጠፋል።» ይህ ከባድ ነገር ነው፤ እውነትነትም አለው። ከክፍሉ ጓደኛ ጋር ሆኖ ያቺን የምትሽከረከር ዐይን በቅርብ ያየ ሰው፣ አንዷ ዐይን ወደ ፊት ሌላዋ ወደ ኋላ ስትመለከት ተገርሞ፣ የልጅነት ፍርሀቱን መተዉ አይቀርም። ጥያቄያችን ግን ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ፍርሀቱን የሚተወው አንዲት እስስት በሦስት ሳምንት እየሞተችለት ከሆነ፣ ድንጋይ ወርዋሪው ከዚህ ያነሰ ሊገድል ይችላል። ደግሞም ለማወቅ መያዝ አያስፈልግም። እስስት ሌሊት በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስትተኛ ቀለሟ ይነጣል፤ በባትሪ ብርሃን በአጥሩ ዳር ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ቀን ዐሥር ጊዜ አልፏት ያላያትን በቀላሉ ያገኛታል። ነጋዴዎች በሌላ አገር የሚለቅሟት በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ በዚሁ ዘዴ ሄደን አይተናት፣ ጽፈን፣ በቦታዋ ትተናት ብንመለስስ?

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «በውጭ አገር እስስት በውድ ይሸጣል። የገበሬው ልጅ ለቅሞ ቢሸጥ፣ አገርም የውጭ ምንዛሪ ብታገኝ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። የገበሬውን ልጅ ችግር ማንም ከእኛ በላይ አይነግረንም፤ አብዛኞቻችን የእርሱ ወንድሞች ነን። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሄዱ አገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው እንይ። ታንዛንያ ብዙ ዘመን እስስትና ሌሎች የዱር እንስሳትን በሕይወት ወደ ውጭ ስትልክ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ንግዱን አገደች። ከዱር የተያዘ እስስት በሆዱ ተውሳክ ይዞ፣ በጥምና በጭንቀት ተዳክሞ ስለሚጓዝ ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ወይም በደረሰ በጥቂት ጊዜ የሚሞተው ብዙ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ገበያ የሚመረጡት እዚያው የተራቡት ናቸው፤ ከእነዚህም ዋነኛዋ ከባሕር ማዶ ከጎረቤታችን ከየመን ዘርዋ የሄደው እስስት ናት። እንግዲህ ገበያው ከጫካ የሚለቀም እስስትን እየተወው ሳለ፣ እኛ አሁን ልንጀምረው ነውን?

የወጣውም እንስሳ በሰላም አይቀመጥም። ባለ ሦስት ቀንዱ የኬንያ እስስት እ.ኤ.አ. በ1972 ለቤት እንስሳ ንግድ ወደ ሃዋይ ተወስዶ፣ ከዚያ ወደ ዱር ገብቶ ተራባ፤ እስስት በጭራሽ ባልነበረበት ደሴት ላይ የአገሩን ነፍሳትና ቀንድ አውጣ እየበላ ችግር ሆኗል። የየመኗም እንዲሁ በሃዋይና በፍሎሪዳ ከሣጥን አምልጣ የዱር ነዋሪ ሆናለች። አንድ እንስሳ በቦታው ሲሆን በረከት፣ ከቦታው ሲወጣ መቅሠፍት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ሕጉንም መርሳት አይገባም። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት እስስቶችን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በቁጥጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች። በአገር ውስጥ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚናገረው ዐዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን መያዝ በፈቃድ የሚሆን ነገር አድርጎታል። ማኅበራችን ያለ ፈቃድ ለሚደረግ ነገር ገንዘብ ቢመድብ፣ ነገ የአስተዳደሩን ሕገ ወጥነት ለመተቸት በምን አፉ ይናገራል?

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስስትን መንከባከብ በእርግጥ የሚፈልግ ሰው የሚንከባከበው ዛፏን ነው። ይህ የእኛ ምድር የቡና ምድር ነው። በበቃ ብቻውን ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ የቡና እርሻ ነው፤ የቴፒም እርሻ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በቀር የገበሬው የጓሮ ቡናና የጫካ ቡና አለ። ቡና በዋንዛ፣ በብርብራና በሳሳ ጥላ ሥር እስከ ተተከለ ድረስ እስስት ቤት አላት፤ ጥላው ሲመነጠር ቤቷ ይፈርሳል። ነፍሳት ሁሉ በመርዝ ሲረጩ ደግሞ ምግቧ ያልቃል፤ የተመረዘውንም ነፍሳት እርሷ ትበላዋለች። የሸካ ጫካ ከ238,000 ሄክታር በላይ ሆኖ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል፤ የከፋና የያዩ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ከርሱ ቀድመው ገብተዋል። መዝገብ ግን መጥረቢያን አያቆምም፤ መጥረቢያን የሚያቆመው በጥላ ሥር የበቀለው ቡና የሚያስከፍለውን ዋጋ ለገበሬው ማድረስ ነው። የገበሬው ልጅ ከጫካው እንጀራ የሚያገኝበት የማያልቅ መንገድ ይህ ነው፤ እስስት እየለቀመ መሸጥ ግን አንድ ቀን በልቶ ሁልጊዜ መራብ ነው።

በዚያም ላይ ምን እንዳለን ገና አውቀን አልጨረስንም። በባሌ ተራሮች ብቻ አንድ የእስስት ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሌላው በ1998፣ ሌላው ደግሞ በቅርቡ በ2021 በሊቃውንት ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል፤ ሦስቱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ባሌ ላይ ይህ ከሆነ፣ የሸካና የቤንች ጫካስ ምን ደብቆ ይሆን? በካርቶን የሞተችው እስስት ማን እንደ ነበረች ሳትታወቅ ወደ ቆሻሻ የተጣለች ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ የቀረበውን ሐሳብ በባዶ እጅ አንመልሰውም፤ ለውጠን እንመልሰዋለን። ለሣጥን የተጠየቀው ገንዘብ ለሦስት ነገር ይዋል። አንደኛ፣ በመኝታ ቤቶቹና በቤተ መጻሕፍቱ ዙሪያ ግራዋ፣ ቡናና ዋንዛ ተተክሎ ሰፊ ሕያው አጥር ይሁን፤ አጥሩም በአንድ ጊዜ ተጨፍጭፎ እንዳይቆረጥና መርዝ እንዳይረጭበት ማኅበሩ ከአስተዳደሩ ጋር ይስማማ። ሁለተኛ፣ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ ወፍራም መዝገብ ተገዝቶ፣ የፈለገ ተማሪ ሁሉ ማታ ያየውን እስስት ቦታዋን፣ ቀኑን፣ ቀለሟንና የተኛችበትን ዛፍ ይጻፍ፤ መዝገቡ ሲሞላ ለሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የትምህርት ክፍሉ ለጥናት አንዲት እስስት ማኖር ካስፈለገው በፈቃድ፣ በደጅ፣ በሽቦና በሕያው ተክል በተሠራ ቤት ያኑር፤ ጥናቱ ሲያልቅም ካነሣበት ቦታ ይመልሳት። በመንገድ ላይ ስታቋርጥ የተገኘችም እንደ ሆነ፣ እንጨት አስጨብጦ ፊቷን ወዳዞረችበት ወገን ማሻገር ማንንም ፈቃድ አያስጠይቅም።

በመጨረሻ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆንን አንድ የቋንቋ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በማኅበራችን ምርጫ ሰሞን «እስስት» የሚለው ስድብ ከአፍ አይወርድም። ትናንት አንድ ሐሳብ ደግፎ ዛሬ የተቃወመ ሁሉ እስስት ነው። ሊቃውንቱ ግን ሌላ ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ አፍሪካ እስስቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቀለም የመለወጥ ችሎታቸው ያደገው ከመደበቅ ይልቅ እርስ በርስ ለመነጋገር መሆኑን አመልክቷል። በ2015 ደግሞ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ቆዳ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲጠባበቡና ሲራራቁ ቀለሙ እንደሚለወጥ አሳይተዋል፤ ወንዱ ይህን የሚያደርገው ባላጋራውን ሲያስፈራራና ሴቲቱን ሲያባብል ነው። መደበቅም የለበትም አንልም። ነገር ግን እስስት ስትቆጣ ቁጣዋ፣ ስትበርዳት ብርዷ፣ ስትሸነፍ ሽንፈቷ በገላዋ ላይ ይነበባል። ቀይ ጨርቅ ብናነጥፍላት ቀይ የማትሆነውም ለዚህ ነው፤ የምታሳየው የውስጧን እንጂ የተነጠፈላትን አይደለም።

እንግዲህ ለማን ይሆን ስድቡ የሚገባው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚለው ሰው፣ በስብሰባ እጁን አውጥቶ በኮሪደር የሚያማው፣ የተነጠፈለትን ጨርቅ ሁሉ የሚመስለው፣ እርሱ እስስት አይባልም፤ ለእርሱ ሌላ ስም ይፈለግለት። በክርክር ተረትቶ ሐሳቡን በግልጽ የለወጠ ወንድም ደግሞ ስድብ አይገባውም። ክበቡን ለማቋቋም የፈረሙት ወንድሞችና እኅቶች ይህን አንብበው ድምፃቸውን ቢለውጡ፣ ከእኛ ወገን «እስስት» ብሎ የሚሰድባቸው እንደማይኖር ቃል እንገባለን። ይሰድቧቸው ዘንድ የሚሹ ካሉም፣ ስድቡ ምስጋና እንደ ሆነ ከዚህ በላይ አስረድተናል።

አስተያየታችን ይኸው ነው። የምንሳሳትበት ነገር አለ የሚል በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ እስከዚያው ግን በየክፍሉ ያሉት ክሮች ይፈቱ፣ ካርቶኖቹም ይከፈቱ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ቢለቀቁ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የሚጠጡት አያጡም።